የቀኙ መቃን ጥላ

ብርክታዊት ለዘጠኝ ዓመት ጥላ ስታጠፋ ኖራለች። ሰውን ማጥፋት የማሽኑ ሥራ ስለነበር እሱ ውስጥ ማንም እጁን አያስገባም። ማሽኑ ግን ሰውን ከመንገድ ላይ ሲያነሳ አንዳንድ ጊዜ ጥላውን ይረሳዋል። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ባለችበት ሰዓት ባለቤት የሌለው ረጅም ጥላ አስፋልት ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ያን ያየ መንገደኛ ይደነግጣል፤ ቅሬታ ያስገባል። የእይታ ጽዳት ቢሮ ለዚህ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ አራት ሠራተኞች አስቀምጧል። ከእነሱ መካከል አንድም ቅሬታ መጥቶባት የማያውቅ ብርክታዊት ብቻ ነበረች።

ሠራተኞቹ ጠዋት ሲገቡ፣ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ የሚያደርጉትን፣ ማሽኑ ያጠፋውን ሰው የማያሳየውን መነጽር በር ላይ ባለው መደርደሪያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ውስጥ ተቀምጠው ከተማዋን እንዳለች ያያሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነጽራቸውን አድርገው ሲወጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያዩት የዋሉት ሰው ከቢሮው ደረጃ ጀምሮ የለም። ጀማሪ ሠራተኞች በመጀመሪያው ሳምንት ሰው እንዳይረግጡ ፈርተው እንደ ሽመላ እግራቸውን እያነሱ ነው የሚሄዱት። በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል።

ሕጉ አጭር ነው። የታወቀ አድራሻ የሌለው ሰው፣ ሠላሳኛው ቀን ሲነጋ፣ አይታይም። ድምፁም አይሰማም፤ “ስለ ቸሩ መድኃኔዓለም” የሚለው ጥሪ ከመነጽሩ ጋር በተያያዘው ማዳመጫ በኩል የድንቢጥ ጫጫታ ሆኖ ይገባል። ድንቢጧን ከሦስት ናሙናዎች መካከል የመረጠው ኮሚቴ አባል ብርክታዊት ነበረች። ሌሎቹ ሁለቱ ወፎች ሰው ሠራሽ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር።

የእሷ ምድብ የአዲስ ጎራ ቅዱስ ሚካኤል ደጅ ነው። ደብሩ ራሱ ነው ያመለከተው። ማመልከቻው ላይ “ምእመናን በተሰበሰበ ልብ ይጸልዩ ዘንድ በቅጥሩ ዙሪያ ያለው ሁኔታ እንዲስተካከልልን በትሕትና እንጠይቃለን” ይላል። ሁኔታው ስልሳ አንድ ሰው ነበር። ብርክታዊት ከሰኞ እስከ ዓርብ ስልሳ አንዱን በስክሪን እያየች ጥላቸውን ታጠፋለች፤ እሁድ ነጠላዋን ለብሳ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ያንኑ ደጅ ተሳልማ ትገባለች። ደጁ ባዶ ነው። ድንቢጦች ይንጫጫሉ።

አንድ ጥላ ያስቸግራት ነበር። በቀኙ መቃን ሥር የሚቀመጥ ነው። ውስጥ ማኅሌት ወይም መዝሙር ሲጀመር የጥላው ቀኝ እጅ ይነሳል፤ ሦስት ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጥላ በአንድ ምት ይጠፋል። ይኼኛው ግን ድንጋዩ ላይ ይርገበገባል፤ በየቅጽበቱ መከታተል ይፈልጋል። ብርክታዊት በሥራ መዝገቧ ላይ “ተንቀሳቃሽ ጥላ፣ ቀኝ መቃን” ብላ መዝግባ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አጥፍታዋለች። የባለቤቱን ፊት አይታው አታውቅም። ሥራዋ ፊት አልነበረም።

መተላለፊያ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲኖር ደንቡ አንድ ነገር ያዛል፤ በሰውየው ቦታ የአበባ ማሰሮ እንዲታይ ይደረጋል፣ መንገደኛው እንዳይጋጭ። ቀኙ መቃን ሥር ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ አበባ ያለው ማሰሮ ይታይ ነበር። ምእመናን በግራው መቃን ተሳልመው ይገባሉ።

ለኅዳር ሚካኤል አራት ቀን ሲቀረው ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የበዓሉ ሕዝብ ብዙ ስለሆነ፣ በሁለቱም መቃን መሳለም እንዲቻል፣ ማሰሮው ለአንድ ቀን ይነሳልን ይላል። ብርክታዊት ደብዳቤውን አነበበች፤ ማሰሮውን አነሳችው፤ አራት ደቂቃ ፈጀባት። የደጁ ዘበኛ ጋሽ ቶማስ በማለዳ የጥላውን ባለቤት ወደ አጥሩ ፈቀቅ ያደርገዋል ብላ አሰበች። ለጋሽ ቶማስ ማንም አልነገረውም። ለዘበኛ ደብዳቤ አይጻፍም።

በበዓሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ብርክታዊት የእጁን ጥላ አጠፋች። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ታቦት ሊወጣ ነው ተባለና ውጭ ያለው ሕዝብ ወደ ደጁ ገፋ። ደጅ ሳይሳለም የሚገባ ሰው የለም። ኋላ ያለው ይገፋል፤ ፊት ያለው ደግሞ ግንባሩን መቃኑ ላይ ሳያሳርፍ አያልፍም። ነጭ የሀገር ልብስ የለበሰች ሴት ለመሳለም ስታጎነብስ ጉልበቷ አንድ ነገር መታ። ዝቅ ብላ አየች፤ ድንጋይ ብቻ ነው። ጫማዋን አስተካከለችና አለፈች። ከኋላዋ የመጣው ሰው ተደናቀፈ፤ አማተበና አለፈ። ሦስተኛው ቆመበት። እግሩን ያሳረፈበት ነገር ለስላሳ መሆኑ ገርሞት ሌላኛውንም እግሩን ጨመረ፤ ከፍ ብሎ የመቃኑን ላይኛውን ክፍል ሳመ። ከእሱ በኋላ የመጡትም ከፍ ብለው ሳሙ።

ብርክታዊት የአደጋ ደወሉን ተጫነች። ደወሉ የሚደውለው ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ነው። መነጽር የማይሰጠው ጋሽ ቶማስ ዱላውን ይዞ ሮጦ መጣ።

“ሰው አለ! ወደ ኋላ በሉ፣ ከሥራችሁ ሰው አለ!”

ሕዝቡ ወደ መሬት አየ። ከዚያ ወደ ጋሽ ቶማስ አየ።

“ጋሽ ቶማስ ዛሬ ከማለዳው ቀምሰዋል” አለ አንዱ፤ የሰሙት ሳቁ። ሁለት ወጣቶች እንዳይወድቅ ብለው በክንዱ ያዙትና ከመንገዱ አወጡት። በጨዋነት ነበር የያዙት።

ይህ ሁሉ አሥራ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ብርክታዊት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከጥላው ወደ ባለቤቱ ያነሳችው ያን ጊዜ ነው። ምስሉን አቀረበችው። ሴትየዋ በጎኗ ተጋድማለች፤ ነጠላዋ ላይ የጫማ ዱካ አለ። እማማ ሶስና ነበረች።

ሶስና ክርስትና ያነሳቻት ናት። የአዲስ ጎራ ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር አስተማሪም ነበረች፤ አርባ ሕፃናት ፊት ቆማ በቀኝ እጇ ሦስት ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ትመታለች። ከስድስት ዓመት በፊት ቤቷ ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ “ወንድሟ ጋ፣ ገጠር ሄደች” ተባለ። ብርክታዊት የትኛው ገጠር ብላ አልጠየቀችም። ያን እጅ በየጠዋቱ እያየች ድንጋይ ስትቀባው ኖራለች። አውቃው ነበር ወይ? በኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃለች። ያገኘችው መልስ አልጣማትም፤ እንዳታውቀው ተጠንቅቃ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ኢዮስያስ አንድ ገጽ ቅጽ ይዞ ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ይተዋወቃሉ፤ እሱም ሶስና ፊት ቆሞ የዘመረ ልጅ ነበር።

“የትናንቱ ነው” አላት። “ተረኛዋ አንቺ ስለነበርሽ ፊርማሽ ያስፈልጋል። ከፈረምሽ ቀረጻው ይጠፋል፣ ያልቃል።”

“አንብቤዋለሁ። ጥያቄ አራት ‘በስፍራው የነበረ ነገር’ ይላል። ምርጫዎቹ ድንጋይ፣ ማሰሮ፣ እንስሳ፣ ምንም ናቸው።”

“‘ምንም’ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ።”

“ሰው ነበረች።”

“ምርጫው ውስጥ የለማ፣ ብርክቲ።”

“ሶስና ናት፣ ኢዮስያስ።”

ኢዮስያስ ቅጹን አስተካከለው፤ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አገጣጠመው።

“እጇን አላወቅከውም?” አለችው። “ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን ሥራ ስታጣራ የነበርከው አንተ ነህ። ሦስቴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን።”

“እጅ ሁሉ እጅ ነው።”

“በዚያ እጅ ነው መዝሙር የተማርከው።”

“ስሚ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የተጠመቅሽው? እኔም ቆራቢ ነኝ። አዝኛለሁ። ቤቴ ሆኜ እጸልይላታለሁ። አሁን ግን ‘ሰው’ ብለሽ ብትጽፊ ማንን ትጠቅሚያለሽ? ያን ቀን እዚያ ደጅ የተሳለመው አራት ሺህ ሰው ነው። እያንዳንዱን ነፍሰ ገዳይ ልታደርጊው ነው?”

“የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ማሰሮውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሱንም እጽፈዋለሁ።”

“በደብዳቤ ተጠይቀሽ ነው ያነሳሽው። ማንም አልከሰሰሽም እኮ።”

“የሚያናድደኝ እሱ ነው።”

ብዕሯን አነሳች። ከአራቱ ምርጫዎች በታች በራሷ እጅ “ሰው። ሶስና። የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና። ማሰሮውን ያነሳሁት እኔ” ብላ ጻፈችና ፈረመች። ኢዮስያስ ወረቀቱን አየው። የተበላሸ ቅጽ ዋጋ እንደሌለው ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ሌላ ቅጽ አወጣ፤ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ “ምንም” የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ራሱ ፈረመ። ቀረጻው ሳይረፍድ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያ አሥራ ስድስት ደቂቃ ያለው ብርክታዊት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ መሰናበቷ ተነገራት። የምትኖርበት የቢሮው ቤት ስለነበር አድራሻዋም አብሮ ተሰረዘ። ሠላሳውን ቀን በጣቷ ቆጠረች። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ላይ ይሞላል።

ከቢሮ ወጥታ በቀጥታ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች። አስተዳዳሪው መልአከ ሰላም ኪሩቤል በፈገግታ ተቀበሏት፤ መስቀላቸውን አሳለሟት።

“አባታችን፣ ፍትሐት እንዲደረግላት ልለምን ነው የመጣሁት። ለወለተ ሐና።”

“ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፈችው?”

“ትናንት። ደጃችን ላይ። ምእመናን ቆመውባት።”

ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ግን ባለበት ቀረ።

“አስከሬኑ የት ነው?”

“የጽዳት መኪና ወሰዳት።”

“ልጄ፣ ያለ አስከሬን፣ ያለ ማስረጃ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። በዓላችን በሰላም ነው ያለፈው።”

“እርስዎ ከመቃኑ ሦስት እርምጃ ላይ ቆመው ሕዝቡን ሲባርኩ ነበር። አይቼዎታለሁ።”

“እኔ ያየሁት ነገር የለም።”

“መነጽርዎን አድርገው ነበር።”

“ሁላችንም አድርገናል። አንቺም ስታስቀድሺ ታደርጊያለሽ።”

“አዎ” አለች።

“እንግዲያው” አሉ፣ ነገሩ እዚህ ላይ እንዳለቀ ሁሉ። “የምእመናንን ሰላም ማወክም ኃጢአት ነው። ነገሩን በጸሎት እናስበዋለን።”

“ነገር አይደለችም፣ አባታችን።”

መልአከ ሰላም ተነሥተው በሩን ከፈቱላት። ከቁጣቸው ይልቅ ያ በር መክፈታቸው ነው አጥንቷ ድረስ የገባው። ቢቆጧት ኖሮ ቢያንስ የሰሟት ይመስላት ነበር።

ደጁ ላይ ጋሽ ቶማስ ቆሞ አገኛት። ክንዱ ላይ ወጣቶቹ የያዙት ቦታ ጠቁሯል።

“ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ” አላት። “አንቺን ታውቅሽ ነበር እኮ።”

“ምን ብላ?”

“እሁድ እሁድ ስታልፊ ‘ያቺ የእኔ ልጅ ናት፣ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ’ ትለን ነበር። ለሁሉም ነው የምትናገረው። አንዳንዶቹ ይቀልዱባት ነበር፣ ‘ልጅሽ ዛሬም ኮራችብሽ’ እያሉ።”

ብርክታዊት ለመጠየቅ የፈራችውን ጠየቀች። “ጠርታኝ ታውቃለች?”

“በየሳምንቱ ነዋ። በስምሽ።”

በየሳምንቱ በዚህ ደጅ ስታልፍ ጆሮዋ ውስጥ ድንቢጦች ይንጫጩ ነበር። ጥሩ ድምፅ ነው፣ እውነተኛ ይመስላል፣ ብላ በራሷ ምርጫ የተደሰተችበት እሁድም ትዝ አላት።

በሠላሳው ቀን ውስጥ የአክስቷ ልጅ ቤት በእንግድነት ከረመች፤ እንግድነት እንደ አድራሻ አይቆጠርም። ኢዮስያስ ሁለት ጊዜ መልእክት ላከባት። ሁለተኛው “ቅጹ ላይ የጻፍሽው በድንጋጤ መሆኑን በሁለት መስመር ግለጪልን፤ ወንበርሽ እንዳለ ነው፣ ቤቱም” ይላል። የአክስቷ ልጅ አንብባ፣ “ሁለት መስመር እኮ ነው። ሞተችም፣ አትሰማሽም” አለቻት። ክፋት አልነበራትም። ብርክታዊት በዚያ ወር የተገነዘበችው ይህን ነው፤ ካነጋገረቻቸው ሰዎች መካከል አንድም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ያዝናሉ፣ ሁሉም ይጸልያሉ፣ ሁሉም በር ይከፍቱላታል። አንድ ደህና ክፉ ሰው ብታገኝ እፎይ ትል ነበር።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ጠዋት ተነሥታ ተጣጠበች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ መነጽሯን የአክስቷ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጣች። ከዘበኛው ጋር ሰላም የምትባባልበት የግቢው በር ላይ፣ ውሃ ይዛ የወጣች ጎረቤት ባልዲዋን እግሯ ላይ ደፋችባትና ዘወር ብላ ገባች። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከኋላዋ የቆመው ሰው ወደፊት ተራመደና ደረቱ ጀርባዋን ሲመታ ነፋስ እንደመታው ኮሌታውን ሰበሰበ። ስለዚህ በእግሯ ሄደች። መንገዱ በማይታዩት ሰዎች ሙሉ ነበር። ከአክስቷ ልጅ ቤት እስከ ሚካኤል ደጅ ሰባ ሦስት ሰው ቆጠረች፤ ሁሉም ቀና ብለው አዩዋት። አንድ ሽማግሌ “ዛሬ ነው የጀመርሽው?” አላት። “አዎ” አለችው። “ጥግ ጥጉን ሂጂ” አላት።

ቀኙ መቃን ሥር ተቀመጠች። ከላይ ካሜራው አለ። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተተኪዋ ጥላዋን እያጠፋች መሆኑን ታውቃለች። በጥላ መታየት እንደማይቻል ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ያን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ የደፈነችው ራሷ ናት። በድምፅም አይቻልም። ወሩን ሙሉ ያሰበችው ስለዚህ ነበር፤ ምን እንደቀረ። ቢሮው ዓይንና ጆሮ ላይ እንጂ ከንፈር ላይ ሥራ የለውም።

እጇን ዘርግታ መዳፏን መቃኑ ላይ፣ የሰው ከንፈር ካሸው ለስላሳ ቦታ ላይ አሳረፈች።

የወሩ ሚካኤል ስለሆነ ሰው አለ፣ ግን አይጋፋም። ማሰሮው አልተመለሰም፤ ማንም እንዲመለስ አላመለከተም። የመጀመሪያዋ ሴት አጎነበሰችና ሳመች። ከንፈሯ ድንጋይ ጠብቆ የእጅ ጀርባ አገኘ። ብድግ አለች። ድንጋዩን አየችው፤ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች፤ ፈጠን ብላ ገባች። ሁለተኛው ሳመ፣ ቆመ፣ ድንጋዩን ያሞቀው ፀሐይ ነው ብሎ ሰማዩን አየ። ብርክታዊት ለእያንዳንዱ፣ “እዚህ ሰው ሞታለች። ሶስና ትባላለች። እኔ አይቻለሁ” ትላቸዋለች። ድንቢጥ እንደሚሰሙ እያወቀች በትክክል፣ ቃል ሳትቀይር፣ ትደግመዋለች። ሃያ ሦስት ሰው ሳማት። ሃያ ሦስቱም ገቡ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መልአከ ሰላም ኪሩቤል ከሁለት ዲያቆናት ጋር መጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ካባቸውን ሰብስበው አጎነበሱ፤ ከንፈራቸውን አሳረፉ። ወዲያው አልተነሡም። ሌሎቹ ያልገባቸው ነገር ለእሳቸው እንደገባቸው ከትከሻቸው አየች።

“ማነው?” አሉ በቀስታ፣ ለድንጋዩ።

“ብርክታዊት ነኝ፣ አባታችን። እዚህ ሰው ሞታለች።”

የሰሙት ወፍ ነው። እጃቸውን አንሥተው መቃኑን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጣታቸው ጣቷን ነካ። ሊመልሱት ሲሉ ያዘችው።

ሳቡ። አልለቀቀችም። ሌላኛው እጃቸው ላይ መስቀላቸው አለ። ከድንጋይ ግድግዳ ውስጥ እጃቸውን ለማውጣት የሚታገሉ ትልቅ ካህን ሕዝቡ ፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሰልፉ እየረዘመ ነው።

“አባታችን፣ ምን ሆኑ?” አለ አንዱ ዲያቆን።

“ምንም” አሉ።

ብርክታዊት ይበልጥ ጠበቅ አደረገች። እጃቸው ለስላሳ ነው። “ምንም አይደለም፣ አባታችን” አለች። “ሰው ነው።” የመረጠቻቸው ድንቢጦች ጆሯቸው ውስጥ ሲንጫጩ ይታያት ነበር።

“አባታችን፣ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው” አለ ዲያቆኑ እንደገና። “መቃኑ ያዘዎት እንዴ?”

መልአከ ሰላም ድንጋዩን አዩት። ከዚያ መስቀሉን ለዲያቆኑ አቀበሉት፤ ነጻ የሆነው እጃቸውም ወደ መነጽራቸው ሄደ።